ማስተካከያ፦ ትሩማን ስለ አቶሚክ ቦምቡ ያወቁትና ያዘዙት

ስለ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ባቀረብነው ጽሑፍ፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ሳሉ የአቶሚክ ቦምቡን ምስጢር ጠንቅቀው ያውቁ እንደነበርና በጃፓኗ ከተማ ናጋሳኪ ላይ ቦምቡ እንዲጣል የተለየ ትእዛዝ እንደሰጡ መግለጻችን ስሕተት ነው።

ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1945 በድንገት ሲያርፉ ትሩማን በምክትልነት የቆዩት 82 ቀናት ብቻ ነበር። በሴናተርነታቸው ዘመን አንድ ግዙፍ ምስጢራዊ ሥራ መኖሩን ቢያውቁም፣ የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን ስለ መሣሪያው በአጭሩ የነገሯቸው ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ምሽት ሲሆን፣ ሙሉውን ማብራሪያ ከቦምቡ ሥራ ኃላፊ ከጄኔራል ሌስሊ ግሮቭስ ጋር ያቀረቡላቸው ኤፕሪል 25 ቀን ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የውሳኔውን ባሕርይ የሚያዛባ በመሆኑ ይበልጥ ያሳዝነናል። ጁላይ 25 ቀን በጄኔራል ቶማስ ሃንዲ ፊርማ የወጣው ትእዛዝ ሂሮሺማን፣ ኮኩራን፣ ኒጋታንና ናጋሳኪን በዒላማነት ዘርዝሮ፣ ተጨማሪ ቦምቦች እንደተዘጋጁ እንዲጣሉ ይፈቅድ ስለነበር፣ ኦገስት 9 ቀን ለተጣለው ሁለተኛ ቦምብ አዲስ የፕሬዚዳንት ውሳኔ አላስፈለገም። የዚያን ዕለት ዋና ዒላማ እንኳ ኮኩራ ነበረች፤ አብራሪዎቹ ከተማዋ ተሸፍና ስላልታየቻቸው ወደ ናጋሳኪ አቀኑ። ትሩማን ያለ ግልጽ ፈቃዳቸው ሌላ አቶሚክ ቦምብ እንዳይጣል ያዘዙት በማግስቱ፣ ኦገስት 10 ቀን ነው።