ደረቱን ለነፋስ የሚሰጥ ጀግና

የደብረ ብርሃን ሰው ስለ ብርድ ሲያወራ ማጋነን አያስፈልገውም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ ለብሳ ስትነጣ ያየ ሁሉ ምስክር ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ብርዱ ሳይሆን በዚያ ብርድ መካከል በብስክሌት ወደ ሥራ ስለሚሄደው ጀግናችን ነው። ይህ ጀግና ነፋስ ከፊቱ ሲመጣበት ማርሹን አይቀይርም፤ አቀማመጡን አይለውጥም፤ ልብሱን አይሰበስብም፤ ከቤት የሚወጣበትንም ሰዓት አያሻሽልም። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ በአቋሙ የጸና ሰው ከየት ይገኛል?

ባለፈው ታኅሣሥ ከበሬሳ ድልድይ አለፍ ብሎ ያየሁት ወጣት የዚህ ወገን አባል ነበር። ካፖርቱን ሳይቆልፍ፣ ከባዱን ማርሽ ይዞ፣ ከኮርቻው ተነሥቶ በቁሙ ፔዳሉን ይረግጣል። የካፖርቱ ሁለት ክንፎች በግራና በቀኝ ተነፍተው ብስክሌቱን ወደ ኋላ የሚጎትት ድንኳን ሆነዋል። ኮፍያው አንድ ጊዜ በርሮ ቦይ ውስጥ ስለገባ ወርዶ አንሥቶ፣ ጉልበቱ ላይ አራግፎ፣ መልሶ ደፍቶታል። በዚህ መካከል አንድ አዛውንት በርኖሳቸውን በገመድ ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ ክርናቸውን አጥፈው፣ አገጫቸው መሪውን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብለው፣ በቀላሉ ማርሽ እግራቸውን እንደ ስፌት መኪና እያጣደፉ አለፉት። ወጣቱ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«አባባ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው መሬት መሬት የሚያዩት?» አላቸው።

«ልጄ፣ ካፖርትህን ቆልፍ» አሉት፤ ዞር እንኳ ሳይሉ ሄዱ።

ከሁለቱ ማን እንደሚደነቅ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። አዛውንቱ ለነፋስ እጅ ነሥተዋል፤ ወጣቱ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ ደረቱን ሰጥቷል። የአየሩን ግፊት አብዛኛውን የሚቀበለው ብስክሌቱ ሳይሆን የተቀመጠበት ሰው አካል መሆኑ፣ ስለዚህም ጎንበስ ማለትና ልብስን መሰብሰብ ብቻውን ድካሙን በእጅጉ የሚያቀልል መሆኑ፣ ክብር ለሌለው ሰው የሚነገር ምክር ነው። ወደ ጣርማ በር የሚወጣ የከባድ መኪና ሾፌር እንኳ ሸራውን በገመድ ሳያጠብቅ አይነሣም፤ ነገር ግን ሾፌር ሸክሙን ለማድረስ ደመወዝ ይከፈለዋል፣ የእኛ ጀግና ደግሞ የሚታገለው ለስሙ ነው።

የትግሉን ትልቅነት ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። ነፋስ በሌለበት ቀን በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌተኛ፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊቱ ቢመጣበትና «ፍጥነቴን አልቀንስም» ቢል፣ አየሩ ደረቱን የሚመታው በ30 ነው። ግፊቱ ግን እጥፍ ሆኖ አያበቃም፤ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሚቆጠር አራት እጥፍ ይሆናል። አስተዋይ ሰው ይህን ሲሰማ ማርሹን አቅልሎ፣ እግሩ በለመደው ምት እንዲዞር አድርጎ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ጉልበቱንም ከሕመም ያድናል። በነገራችን ላይ ከፍታችን መልካም ነገር አለው፤ አየራችን በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ እኩል ፍጥነት ያለው ነፋስ በጅቡቲ ወደብና በደብረ ብርሃን ቢነፍስ የእኛው ለስለስ ያለ ነው። ፈጣሪ ይህን ቅናሽ ካደረገልን በኋላ የምንተነፍሰውንም በዚያው ልክ ቀንሶ ሒሳቡን ዘግቶታል።

ጀግናችን ባለ 21 ማርሽ ብስክሌት አለው። ከእነዚህ ውስጥ የሚጠቀመው በአንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ከሁሉ የከበደው ነው። የሰፈራችን ብስክሌት ጠጋኝ አንድ ቀን የዚህን ዓይነት ብስክሌት የኋላ ጥርሶች አሳይቶኝ ነበር፤ አንዱ ተበልቶ እንደ ቢላዋ ስሏል፣ በሌሎቹ ላይ ግን የፋብሪካው ቅባት አቧራ ይዞ እንደ ተጋገረ ነው። «ሃያው ለጌጥ ነው» አለኝ ጠጋኙ። እኔ ግን ቁጠባ ነው እላለሁ፤ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ሃያ ያልተነካ ማርሽ በየትኛው ቤት ይገኛል?

ስለ መነሻ ሰዓቱ ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ በደል ይሆናል። በበጋ ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከምሥራቅ ነው፤ ቀኑ እየገፋ ሲሄድም ይበረታል። ሌሊት ምድሩ ሲቀዘቅዝ የታችኛው አየር ከላይኛው ተለይቶ ይተኛል፤ ፀሐይ ወጥታ መሬቱን ስታሞቀው ደግሞ አየሩ እንደ ድስት ይንተከተክና ከላይ ያለው ኃይለኛ ነፋስ ወደ እኛ ይወርዳል። ስለዚህ በማለዳ የተነሣ ሰው ባዶ መንገድ ያገኛል። ጀግናችን ግን ተቃዋሚው ሳይነቃ መንገድ ላይ መገኘትን እንደ ማድባት ስለሚቆጥረው፣ ነፋሱ ተነሥቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ታጥቆ እስኪወጣ ድረስ አልጋው ላይ ይጠብቀዋል።

የፊርማው ሰዓት 2:30 ነው። መሥሪያ ቤቱ ከቤቱ በስተምሥራቅ 5 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ነፋስ በሌለበት ቀን በ20 ደቂቃ ይደርሳል። ስለዚህ በጋውንም ክረምቱንም 2:10 ላይ ይወጣል። ነፋሱ ፍጥነቱን ወደ 10 ኪሎ ሜትር ሲያወርድበት 30 ደቂቃ ይፈጅበትና 2:40 ላይ ላቡን እየጠረገ ሲገባ «ነፋሱ!» ይላል። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይጠየቅም። እንዲያውም ይህች ቃል በቢሮው ውስጥ የሁሉ መጠለያ ሆናለች፤ በባጃጅ የመጣው «ነፋሱ» ይላል፣ የቤቱ አጥር ከቢሮው አጥር የሚገናኘው ሠራተኛ «ነፋሱ» ይላል፣ ኃላፊው ራሱ መስኮቱ ከተዘጋ መኪና ወርዶ «ዛሬ ነፋሱ አይቻልም» እያለ በደረጃው ሲወጣ ሰምቼዋለሁ።

ሁለትና ሦስት ሆነው የሚሄዱትም ቢሆኑ ክብራቸውን አሳልፈው አይሰጡም። ከፊት ያለውን ብስክሌት በቅርብ የተከተለ ሰው ከሚያወጣው ጉልበት ሩብ እስከ ሲሶ ያህሉን ይቆጥባል፤ ፊተኛው በዚህ የሚያጣው ነገር የለም፣ ሲደክመውም ተራውን ለሌላው ይለቅቃል። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 ሦስት ሳምንት ገደማ በሚፈጀው የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር በቱር ደ ፍራንስ 3 የቀን ውድድሮችን ያሸነፈው በዚህ ስፖርት ነው፤ በዚያ ውድድር የታወቁ ፈጣኖች ጉልበታቸውን እስከ መጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች የሚያቆዩት በሰው ጀርባ ተጠልለው ነው። በእኛ ዘንድ ግን ከኋላ መከተል ሎሌነት፣ ከፊት ሆኖ ማስጠለል ደግሞ መበለጥ ስለሆነ፣ ሦስቱ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ መንገዱን ዘግተው፣ ሦስቱም እኩል ነፋስ እየጠጡ፣ በማይሰማ ድምፅ ጨዋታ ይጫወታሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ተረት በምድር ላይ ስላለ አንበሳ እንጂ ስለ ነፋስ ስላልተነገረ አይመለከታቸውም።

አንዳንድ የዋህ ሰዎች «ጠዋት የወሰደብኝን ማታ ይመልስልኛል» ሲሉ እሰማለሁ። አይመልስም። ጠዋት በ30 ደቂቃ ሄዶ ማታ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ15 ደቂቃ የተመለሰ ሰው በድምሩ 45 ደቂቃ ፈጅቶበታል፤ ነፋስ ባይኖር 40 ይበቃው ነበር። ጠዋት 10 ደቂቃ የበላ ነፋስ ማታ የሚከፍለው 5 ብቻ ነው። ጀግናችን ግን ይህን ሒሳብ በሌላ መዝገብ ይይዘዋል፤ በመዝገቡ ውስጥ ጠዋት የዘገየው ነፋሱ ነው፣ ማታ የፈጠነው እሱ ራሱ ነው። «ዛሬ ከቢሮ እስከ ቤት 15 ደቂቃ! እግሬ እኮ እየበረታ ነው» ሲል ከጀርባው እየገፋው ስለመጣው አንድ ቃል አይተነፍስም።

ያንን ባለ ካፖርት ወጣት በዚያው ቀን 11:30 ካለፈ በኋላ በበሬሳ ድልድይ ላይ መልሼ አየሁት። ነፋሱ ከጀርባው ነበር፤ ጠዋት የጎተተው ድንኳን አሁን ቢከፈት ሸራ ሆኖ ያለ ርግጫ ሊያደርሰው ይችል ነበር። ልጁ ግን እጁ ቀዝቅዞት ይሁን ምክሩ ዘግይቶ ደርሶት፣ ካፖርቱን ከአንገቱ ጀምሮ እስከ መጨረሻዋ ቁልፍ ድረስ ቆልፎት፣ ጎንበስ ብሎ ይመጣ ነበር።