ዳንቴል የለበሰው ማይክሮስኮፕ

ባለፈው ማክሰኞ የእህቴ ልጅ «ወላጅ አምጪ» ተብላ አብሬያት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጅማ ነውና ዝናቡ ቀድሞን ደርሷል። ጥፋቷ ከባድ ነው፦ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ወደ ማርስ ስለሚበር መንኮራኩር የሚተርክ ልብ ወለድ ከዴስክ ሥር ስታነብ ተይዛለች። መጽሐፉ ተወርሷል። «ጋሼ፣ ሳይንስ ተረት አይደለም፤ ልጅዎን ይምከሩ» አሉኝ ኃላፊው።

እነዚህን የቁም ነገር ዘበኞች እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ልጅ «ቢሆንስ?» ብሎ ሲጀምር «አይሆንም» ብለው የሚጨርሱለት፣ በሰልፍ ላይ ደግሞ «ተመራማሪ ትውልድ» እያሉ ማይክራፎን የሚያደክሙ ናቸው። ዕድሜ ይስጣቸው! ከሄርማታ እስከ ጅሬን ያለው ልጅ ሁሉ ሮኬት ሲያልም ቢውል የስበትን ትርጓሜ ማን ይሸመድድልን ነበር?

አሜሪካ እንዲህ ያለ ዘበኛ አጥታ ጉድ ሆናለች። ሮበርት ጎዳርድ የሚባል የ16 ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ1898 የኤች. ጂ. ዌልስን የማርስ ወራሪዎች ልብ ወለድ አነበበ፤ የሚቀማው አልተገኘም። በዓመቱ ቼሪ ዛፍ ላይ ወጥቶ ማርስ የሚያደርስ መሣሪያ አሰበ፤ በ1926 በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራውን የመጀመሪያ ሮኬት አስወነጨፈ። ሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል በርሮ ጎመን ማሳ ላይ ወደቀ። ቀደም ብሎ በ1920 አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ ሰውየው የሁለተኛ ደረጃ ዕውቀት እንኳን እንደሚጎድለው ጽፎበት ነበር። ጋዜጣው ስህተቱን ያረመው በ1969፣ አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ እየበረረ ሳለ ነው።

የእኛዎቹ ግን ሳይንስን ከተረት ጠብቀውታል። ማይክሮስኮፕ አላቸው። አንድ። ንብረት ክፍል፣ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ዳንቴሉ በየዓመቱ ለመስከረም ይታጠባል። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ወደ አጋሮ ተዛውረው ከሄዱ መምህር ዘንድ ስለቀረ፣ ከበላይ እንግዳ የሚመጣ ዕለት አጋሮ ሰው ይላካል። ዳንቴሉ ይገለጣል፣ ይጨበጨባል፣ ይሸፈናል፤ ቁልፉም ወደ አጋሮ ይመለሳል። የንብረት ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ተቆርጦለት ገብቷል፤ የወጪውን ሞዴል 22 ግን አይቶ አያውቅም። ተማሪዎቹስ? መምህሩ በጠመኔ ይስሉላቸዋል፣ እነሱ ይገለብጣሉ፣ በቀስት ክፍሎቹን ይሰይማሉ። አንድ ዓመት ሥዕሉ ባለ ሦስት እግር ሆኖ ቁርጥ የጅማ በርጩማ መሰለ፤ ክፍሉ በሙሉ በርጩማ ሥሎ፣ በርጩማ ተፈትኖ፣ በርጩማ አለፈ። የእህቴ ልጅ 10 ከ10 አግኝታለች። ማይክሮስኮፕ በዓይኗ አላየችም። ልብ ወለድ ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

እዚህ ላይ ቀልዱ ይብቃኝ። ይህች ልጅ በአያቷ ጓሮ ካለው ቡና ቅጠሉ ጀርባ ላይ ብርቱካንማ ዱቄት አገኘች፤ የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለው ፈንገስ የሚራባበት ነው። «በማይክሮስኮፕ ልየው» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀች። ሁለቱንም ጊዜ «ይሰበራል» ተባለች። ቡና አብልቶ ባሳደገን ምድር የቡናን በሽታ ልይ ያለች ልጅ ትከልከል? ይሰበር! እየታየበት ይሰበር!

ይህን ለኃላፊው አላልኩም፤ እጅ ነሥቼ ወጣሁ። መጽሐፉ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ በንብረት ክፍል እንዲቆይ ተወሰነ፤ ያ ቁም ሣጥን አናት ላይ ሲያስቀምጡት በበሩ አየሁ።

ባጃጅ ውስጥ ልጅቷ ዝም ብላ ቆየችና «ቅጠሉ እኮ መጽሐፉ ውስጥ ቀረ» አለችኝ። ያነበበችበት ገጽ እንዳይጠፋት ያንኑ ዱቄታም ቅጠል መሃል አስገብታው ኖሯል። አሁን በቅጠሉና በማይክሮስኮፑ መካከል ያሉት አንዲት ስስ ጣውላና አንድ ዳንቴል ናቸው።