ቁራሹና ባጃጁ

አንድ ምሽት ጎንደር ፒያሳ፣ አስፋልት ዳር ሰው ወድቆ ተገኘ። ጭንቅላቱ ይደማል። የሚያውቀው የለም። በዚያ ታልፍ የነበረች ነርስ ያየችውን ጻፈች። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር መለሱላት። ጥያቄው "ሰው የማያውቀውን ሰው ለመርዳት ለምን ወደ ኋላ ይላል?" የሚል ነበር፤ ሲጀመር።

ነርሷ፦
ሃያ ሰው ቆሞ ነበር። ስልክ ያወጡም ነበሩ፤ ለመደወል ሳይሆን ለመቅረጽ። ባጃጅ ለመንኩ። ሁለቱ መልስም ሳይሰጡኝ ነዱት። ሦስተኛው "እህቴ፣ ከነገሩ ጦም እደሩ" አለኝ። የሰው ደም ጫማዬ ላይ እየፈሰሰ ይተርትልኛል!

ለጥምቀት መንገድ ጠርጎ ለታቦት ምንጣፍ የሚያነጥፈው ወጣት፣ ያው ፒያሳ የቆመው ነው። ምን ነካው? ሌላው ያነሣዋል ብሎ ይጠብቃላ። ላታኔና ዳርሊ የተባሉ አሜሪካውያን ይህን በ1968 እ.ኤ.አ. ፈትነውታል። ከሌላ ክፍል ሰው በሚጥል በሽታ ሲያጣጥር የሚሰማ ተማሪ፣ ድምፁን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ካለ፣ ከ100 ውስጥ 85ቱ ለእርዳታ ተነሣ። ሌሎች አራት ሰዎችም ሰምተዋል ብሎ ሲያስብ 31 ብቻ። ፒያሳ ያየሁት ይኸው ነው።

ለቆሎ ተማሪ በር ላይ ቁራሽ እንሰጣለን እንዳትሉኝ። እሱ ልማድ ነው እንጂ እርዳታ አይደለም።

መምህሩ፦
ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ቁራሽ እርዳታ አይደለም?

እኔ በዚያ ቁራሽ ነው ያደግሁት። በኣታ ደብር አቋቋም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ልማር ስመጣ ጎንደር ውስጥ አንድ ዘመድ አልነበረኝም። ለምድ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያልሁ በየደጁ ቆምሁ። ውሻ ነክሶኝ ያውቃል። ቁስሌን ያሰረችልኝ ሴት የማን ልጅ እንደሆንሁ አልጠየቀችኝም። ልማድ በይው፤ እኔን አኑሮኛል።

የባጃጁን ልጅ ደግሞ አትፍረጂበት። ሆስፒታል ሲያደርስ "የገጨኸው አንተ ነህ" ተብሎ ጣቢያ ቢያድርስ? ባጃጁ የሱ አይደለም። የቀኑን ገቢ ለባለቤቱ ማን ይከፍልለታል?

ነርሷ፦
በመጀመሪያ "ልጄ" አይበሉኝ። 34 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ።

ቁራሹን አልናቅኩም። ሰጪው ምንም አይጎድልበትም ለማለት ነው። ደግሞ እርስዎ አኩፋዳ ይዘው ነበር። ማን እንደሆኑ ለምድዎ ይናገራል። ሴትዮዋም የሰጠችው ለማርያም ብላ ነው። የኔ ሰውዬ ለምድ አልነበረውም።

ሕግም አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ የተወውን ይቀጣል።

መምህሩ፦
"ምንም አይጎድልበትም" የሚለውን አሁን ነው የጨመርሽው። ነሐሴ ላይ፣ ጎተራው ባዶ ሲሆን፣ ቁራሽ የምትሰጥ ሴት ምን እንደሚጎድልባት ልጆቿን ጠይቂ።

አንቀጹን እኔም አውቀዋለሁ። በራሱ ላይ አደጋ ሳይደርስበት መርዳት የሚችለውን ነው የሚለው። የረዳውንስ ከጣቢያ የሚያስወጣው አንቀጽ የትኛው ነው? ቁጥሩን ንገሪኝ።

ነርሷ፦
አሁንም ቁራሹ ላይ ነዎት። እሺ፣ የሃይማኖት ተማሪ ካነሡ አይቀር እኔም ላንሣ። በ1973 እ.ኤ.አ. ያው ዳርሊ ከባትሰን ጋር ሆኖ አሜሪካ ውስጥ የፕሪንስተንን 40 የነገረ መለኮት ተማሪዎች ፈተነ። ወደ ሌላ ሕንፃ ሄዳችሁ ንግግር አድርጉ ተባሉ። ለከፊሎቹ ርዕሱ ደጉ ሳምራዊ ነበር። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ተኮራምቶ ያስላል። ካልቸኮሉት 63 በመቶው ቆመው ረዱት፤ በጣም ከቸኮሉት 10 በመቶ ብቻ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊናገሩ ከሚሄዱት መካከል እንኳ አልፈውት የሄዱ ነበሩ። ዜማ ማወቅ ልብ አይሰጥም ለማለት ነው።

መምህሩ፦
ዜማዬን ምን አደረገሽ? እኔ የሰው ሥራ አልነካሁም።

ደግሞስ፣ አልፎ የሄደው የቸኮለው ነው አልሽ። ባጃጅ ነጂ መቼ ነው ሳይቸኩል የሚውለው? ጥናትሽ ለእኔ መሰከረ። አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዘመድ የሌለውን በሽተኛ ሆስፒታል ውስጥ ማን ያጎርሰዋል? የጎኑ አልጋ አስታማሚ። ይህን አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ፤ ግን አልጻፍሽውም። ያልጻፍሽው ሌላም አለ። ያ ሰውዬ በመጨረሻ በምን ሄደ? ተሸክመሽ አላደረስሽው!

ነርሷ፦
እኔ የምናገረው ስለ ሃያ ደቂቃ ነው። ሰውዬው መሬት ላይ ስለነበረበት ሃያ ደቂቃ። አልጋ ከያዘ በኋላማ ሁሉም ደግ ነው።

በባጃጅ ሄደ። አራተኛው ወሰደን። ወንበሩ በደም ተበላሽቶበት ሂሳብ አልቀበልም አለኝ። ይኸው፣ ጻፍኩት። አንድ ከአራት፣ 25 በመቶ። አብረዋቸው ሌሎች እንደሰሙ ካሰቡት አሜሪካኖች 31ም ያንሳል።