ይድረስ ለክቡር ሰበር ዜና፦ ለመሆኑ ምን ተሰበረብዎት?

ይድረስ፣ በአሜሪካ ኬብል ቴሌቪዥን ግርጌ፣ ቀዩ መስመር ላይ ለሚኖሩት ለክቡር ሰበር ዜና፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆትዎ በረታብኝ እንዳልል ለመናፈቅ ጊዜ አልሰጡኝም። ዛሬ ጠዋት ብቻ አራት ጊዜ ተገናኝተናል፤ አንዴ ጥርሴን ስቦርሽ፣ አንዴ ነዳጅ ስሞላ (ማደያው ላይ ባለችው ሚጢጢ ስክሪን ሳይቀር ገብተዋል)፣ ሁለቴ ደግሞ እዚሁ ማኪያቶዬን ይዤ።

እዚሁ የምለው ቨርጂኒያ፣ ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ ያለ የሀበሻ ካፌ ነው። ይህን ስጽፍ ከራሴ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ባለቤትየዋ ድምፅዎን ዘግታዋለች። ምን ዋጋ አለው? እርስዎ ዝም ሲሉ የሚጮኹልዎት ሰዎች ከታች ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ ስለ ስምዎ እንነጋገር። እኛ አገር ሰበር የሚባል ችሎት አለ። ክርክሩ ከታች ፍርድ ቤት ተነስቶ፣ በይግባኝ ተንከባሎ፣ ባለጉዳዩ ሁለት ጥንድ ጫማ ጨርሶ ሰበር ከደረሰ በኋላ አለቀ ነው። የረታው ይስቃል፣ የተረታው ቤቱ ይገባል። እርስዎም ሰበር ነኝ ሲሉ እኔ የዋሁ፣ እሰይ ነገሩ ሊቋጭ ነው ብዬ ነበር። ለካ የእርስዎ ሰበር ገና መጀመሪያው ነው። ሰኞ ሰበር ያሉትን ሐሙስም ሰበር ይሉታል። ጀበና እንኳ የሚሰበረው አንዴ ነው፤ አራት ቀን ሙሉ የሚሰበር ምን ዓይነት ዕቃ ነው?

እኔ ያደግኩት በሁለት ሰዓት ዜና ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ሲል አባቴ "ጸጥ በሉ!" ይላል፤ ዜናው ይነበባል፣ ስፖርቱ ይከተላል፣ ከዚያ ራት ይቀርባል። ዓለም ቢገለበጥ እስከ ነገ ሁለት ሰዓት ይታገሥ ነበር። እርስዎ ግን ቴድ ተርነር በፈረንጆቹ 1980 አትላንታ ላይ ሲኤንኤንን ከከፈተ ወዲህ እንቅልፍ የለዎትም። በ1996 ደግሞ ኤምኤስኤንቢሲና ፎክስ ኒውስ በአንድ ዓመት ተወለዱና ባለ ሦስት ቤት ሆኑ። ሃያ አራት ሰዓት የሚሞላ ዜና እግዜርም አልፈጠረም። ስለዚህ የተረፈውን ሰዓት በጠብ ሞሉት። አልፈርድብዎትም፤ ጠብ ርካሽ ነው። ዘጋቢ አይላክበት፣ ሆቴል አይከፈልበት። ስምንት ሰው ስምንት ሳጥን ውስጥ መደርደር ነው። ያን ድርድር ባየሁ ቁጥር የአዲስ አበባው ዋና ፖስታ ቤት ትዝ ይለኛል። ልዩነቱ፣ የፖስታ ሳጥን ሲከፈት አንዳንዴ ደብዳቤ ይገኝበታል።

አሁን ወደ ክሴ ልግባ። ካፌያችን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቡና የጠጡ ሁለት ጋሼዎች አሉን። አንደኛው ታክሲ የነዳ፣ ኋላም ኡበር የገባ፣ ዲሞክራት ነው። ሌላኛው ትንሽ የጽዳት ሥራ አለው፣ እሑድ ከቅዳሴ አይቀርም፣ ሪፐብሊካን ነው። እርስዎ እስኪመጡ ድረስ ጠባቸው ሒሳብ በመክፈል ላይ ነበር፤ "በሞቴ እኔ ልክፈል!" እየተባባሉ የአስተናጋጇን እጅ ሊገነጥሉ ይደርሱ ነበር።

በኖቬምበር 2020 የምርጫው ውጤት ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ሲንጠለጠል ግዛቶቹን ቀይና ሰማያዊ የሚቀባውን ያንን ካርታ አመጡልን። ባለ ታክሲው ጋሼ አራት ቀን ሙሉ ሥራ አልወጣም። አሪዞና ውስጥ ያለውን ማሪኮፓ የተባለ ካውንቲ፣ ስንት ድምፅ ቀርቶት ስንቱ በፖስታ እንደመጣ፣ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙ ጋሽ ማሪኮፓ ሆኖ ቀረ። ራሱ የሚኖርበት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ለካውንቲው አስተዳደር ቦርድ ማን እንደተመረጠለት ብጠይቀው ግን "እሱ ደግሞ ምን ያደርግልሃል?" አለኝ። የቤቱን ግብር መጠን የሚወስነው ማን መሰለው?

ሌላኛውን ጋሽ ዝሆን እንለዋለን፤ ስሙን ያወጣው እሱው ነው። "እኔ ዝሆን ነኝ" ይላል ደረቱን ነፍቶ፤ "አንተስ ምንድን ነህ?" ጋሽ ማሪኮፓ ይህችን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ቢመልሳት ችግር የለም። በአማርኛ ግን "እኔ አህያ ነኝ" ብሎ በሰው ፊት የሚናገር የአዳም ዘር የለም። ቶማስ ናስት የሚባለው ካርቱን ሠሪ በ1870 አህያዋን ለዲሞክራቶች፣ በ1874 ዝሆኑን ለሪፐብሊካኖች ስሎ ሲያስለምድ፣ አንድ ቀን አማርኛ ተናጋሪ መራጭ ይመጣል ብሎ አላሰበም። ፓርቲው እዚህ ሰፈር ስንት ድምፅ እንዳጣበት የሚያውቅ የለም።

እዚህ ድረስ ሳቅ ነበር። ዓመት ባለፈ ቁጥር ግን ሳቁ እየሳሳ መጣ። አንድ ቀን ጋሽ ዝሆን ሲገባ ጋሽ ማሪኮፓ ቀና ብሎ "እንደምን አደሩ?" አለው። አደሩ! ሃያ ዓመት "አንተ ጅል" ሲለው የኖረውን ሰው አንቱ አለው። እርስዎ ፈረንጅ ስለሆኑ አይገባዎትም። በእኛ ቋንቋ ወዳጅህ በድንገት አንቱ ካለህ በሩን ዘግቶብሃል ማለት ነው። ያን ቀን ሁለቱም ሒሳባቸውን ለየብቻ ከፈሉ።

ይህንን ካየሁ በኋላ ነው የሥራ ቦታዬ ትዝታ የሚያንገበግበኝ። የምሠራው ዋሽንግተን ዳውንታውን፣ ፎቁ ላይ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ያለበት ሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ ነው። አንድ ማታ እርስዎ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ሲያናንቋቸው የነበሩት ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንደኛው ቲኬቱን ጥሎታል። ቲኬት የጠፋበት የሙሉ ቀን ይከፍላል፤ ሕጉ ነው። ሰውየው ኪሱን ሲያገላብጥ ያ ከአሥር ደቂቃ በፊት "አገሪቱን እየሸጣችኋት ነው" ሲለው የነበረው ባላንጣው ጠጋ አለኝና "አብረን ነው የገባነው፣ ከሁለት ሰዓት በላይ አልቆየም" ብሎ መሰከረለት። እኔም በሁለት ሰዓት ሒሳብ አስወጣሁት። እየተሳሳቁ ሄዱ። በዓይኔ በብረቱ ያየሁት የሁለቱ ፓርቲዎች ስምምነት እሱ ብቻ ነው። ያንን ምነው ሰበር አላሉትም?

በኦክቶበር 2025 በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ መንግሥት ሲዘጋ ደግሞ ቤት ሠሩበት። ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12፣ 43 ቀን፤ በ2018 ዲሴምበር ተጀምሮ የነበረውን የ35 ቀን ክብረ ወሰን የሰበረ (ይህስ በእርግጥ ሰበር ነው)። እርስዎ ስክሪኑ ጥግ ላይ ልክ እንደ አዲስ ዓመት ዋዜማ ሰዓት ቆጣሪ ተከሉ። እኔ ደግሞ ከመሬት በታች ሦስተኛው ደርብ ላይ ሌላ ሰዓት ነበረኝ። እዚያ መብራቱ የሚበራው እንቅስቃሴ ሲያይ ነው። የፌዴራል ሠራተኞቹ ቤታቸው ሲቀሩ መኪና ጠፋ፤ መኪና ሲጠፋ መብራቱ ጠፋ። በሁለተኛው ሳምንት የሥራ ሰዓቴ ተቀነሰ። ዝሆን ሲጣላ የሚጎዳው ሣሩ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ሣሩ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ቲኬት እንደሚቆርጥ ግን አልነገሩኝም።

የጠቡ መነሻ የኦባማኬር (የጤና ኢንሹራንሱ ሕግ) ድጎማ ነበር፤ በ2021 ከፍ ተደርጎ፣ ጭማሪው በ2025 መጨረሻ የሚያልቀው። ዲሞክራቶቹ ካልተራዘመ አንፈርምም አሉ፣ ሪፐብሊካኖቹ መጀመሪያ መንግሥት ይከፈት፣ ከዚያ እንነጋገር አሉ። እርስዎ ይህንን በአምስት ደቂቃ ነግረውን የቀረውን 43 ቀን "ጥፋቱ በማን ይላከካል? ማን እየረታ ነው?" ሲሉ ከረሙ። ካፌው ውስጥም ሁለቱ ጋሼዎች ያንኑ እያላመጡ ሳለ ጋሽ ማሪኮፓ ከጃኬቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣና አቀበለኝ፤ "እስቲ አንተ ዓይንህ ደህና ነው" ብሎ። የኢንሹራንሱ ደብዳቤ ነው። ከጃንዋሪ ጀምሮ ወርሃዊ ክፍያው ከእጥፍ አልፏል። ጮክ ብዬ ሳነብ ጋሽ ዝሆን ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ እሱም ኪሱ ገባ። ያው ፖስታ፣ ያው አርማ፣ ያው ቁጥር ሊሆን ምንም ያልቀረው። ለካ "ኦባማኬርን አልፈልግም" የሚለው ሰው ኢንሹራንሱን የገዛው ከዚያው ከኦባማኬር ገበያ ነው። ቀና ብዬ ወደ እርስዎ አየሁ፤ ደብዳቤውን እንዴት እንደምናነበው፣ የት እንደምንደውል አንዲት መስመር ትኖርዎት እንደሆነ ብዬ። ስምንቱ ሳጥኖች ይጮኻሉ፤ ከሥራቸው "የሻትዳውኑ አሸናፊ ማን ነው?" የሚል ተጽፏል።

በመጨረሻ ከዲሞክራቶቹ ወገን ስምንት ሴናተሮች ተሻግረው በ60 ለ40 መንግሥት ተከፈተ። የድጎማው ጭማሪ በዓመቱ መጨረሻ አለቀ። እርስዎም ወደ ሌላ ስብራት ሄዱ። እንዲያውም ልንገርዎ፣ ኮንግረስ የዓመቱን የበጀት ሕጎች ሁሉ በጊዜያቸው ጨርሶ ያጸደቀው ለመጨረሻ ጊዜ በ1996 ነው፤ እርስዎ ባለ ሦስት ቤት በሆኑበት ዓመት። ይህንን አንድም ቀን በቀይ ጽፈውት አላየሁም። ገባኝ፤ ሠላሳ ዓመት የቆየ ስብራት ለእርስዎ ወጌሻ የሚፈልግ እንጂ ሰበር አይደለም።

አስተናጋጃችንም የእርስዎ ተበዳይ ነች። በጁን 2024 ትራምፕ ላስ ቬጋስ ላይ የቲፕ ግብር ይቅር አሉ፤ በኦገስት ተፎካካሪያቸው ሃሪስ እዚያው ላስ ቬጋስ ያንኑ አሉ። ሁለቱ ተስማሙ! በጁላይ 4 ቀን 2025 ሕግ ሆነ፤ በዓመት እስከ 25,000 ዶላር ቲፕ ለፌዴራል ግብር ከሚታሰበው ገቢ የሚቀነስበት፣ እስከ 2028 የሚቆይ። ልጅቷ ትሪዋን እንደያዘች "ታዲያ እኔን ይመለከተኛል?" ብላ ጠየቀች። ጋሽ ማሪኮፓ "ሃሳቡ የእነሱ አይደለም" አለ፤ ጋሽ ዝሆን "ሃሪስ ናት የሰረቀችው!" አለ። ማን ከማን እንደቀዳ አርባ ደቂቃ ተከራከሩ። የልጅቷን ጥያቄ የመለሰላት ዓመቱ ሲያልቅ ታክስ የሞላላት ልጅ ነው።

አሁን አሁን ክርክራቸው ወደ ኳስ ውጤት ተቀይሯል። ጋሽ ማሪኮፓ "787.5!" ይላል፤ ፎክስ በኤፕሪል 2023 በስም ማጥፋት ለከሰሰው ዶሚኒየን ለተባለው የድምፅ መስጫ ማሽን ኩባንያ ከፍሎ የታረቀበት ሚሊዮን ዶላር ነው። ጋሽ ዝሆን "15!" ይላል፤ ኤቢሲ ቴሌቪዥን ትራምፕ በስም ማጥፋት ከሰውት በዲሴምበር 2024 ለቤተ መጻሕፍታቸው እሰጣለሁ ብሎ የተስማማበት ሚሊዮን ዶላር። አንዱም ብር እዚህ ጠረጴዛ አልደረሰም። ቡናው አሁንም ለየብቻ ነው የሚከፈለው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ልመናዬ ትንሽ ነው። ለሁለት ሳምንት ፈቃድ ይውጡ። ባለቤትየዋ የአርሰናልን ጨዋታ ታሳየን፤ ሁለቱም ጋሼዎች የአርሰናል ናቸው፣ አብረው ማልቀስ ይችሉበታል። ሪሞቱን እኔ...

ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ ስደርስ ቀዩ መስመር እንደገና በራ። ፕሬዚዳንቱ መግለጫ ሊሰጡ ነው ይላል። ስክሪኑ ላይ ሰው የለም፤ ባዶ አትሮኖስ፣ ሁለት ባንዲራ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ። ጋሽ ማሪኮፓ ወንበሩን አዞረ። ጋሽ ዝሆን መነጽሩን አጠለቀ። አስተናጋጇ ትሪዋን ይዛ ቆመች። ሃያ አምስት ደቂቃ አለፈ፤ ማኪያቶዬ በረዶ ሆኗል፤ የሥራ ሰዓቴም ደርሷል።

ብርጭቆውን ሰው ቀየረው። ትንሽ ልቆይ መሰለኝ።

አክባሪዎ፣
ከፓርኪንጉ ሦስተኛ ደርብ