የበረሃው ፋብሪካና የአዌቱ ወንዝ

የምኖርባት የአሜሪካዋ በረሃማ ከተማ ፊኒክስ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ዝናብ እንኳ አታገኝም። ተወልጄ ያደግኩባት ጅማ 1,500 ገደማ ታገኛለች። በፊኒክስ ሰሜን ዳር የታይዋኑ ኩባንያ ቲኤስኤምሲ ስለተከለው የቺፕ (የስልክና የኮምፒውተር አንጎል የሆነው ጥቃቅን ዕቃ) ፋብሪካ በስልክ ያወራሁላቸው አጎቴ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ደመወዙ አልነበረም። «ውሃውን ከየት ያመጣሉ?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው የነገሩን ሥር የነካ ነው። ቺፕ የሚሠራበት የሲሊከን ሰሌዳ በየደረጃው እጅግ በተጣራ ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል። ፊኒክስ ከምትጠጣባቸው ወንዞች አንዱ የሆነው ኮሎራዶ ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. እጥረት በይፋ የታወጀበት ነው። ኩባንያው ከሚጠቀምበት ውሃ 90 በመቶውን መልሶ ለማጣራት አቅዷል፤ ዕቅዱ መልካም ነው። በጋዝ በኩል ግን ሥጋቱ አይቀልም፤ ለዚህ ሥራ ከሚውሉት ጋዞች አንዱ የሆነው ምድርን የሚያሞቀው ካርቦን ቴትራፍሎራይድ አንዴ ከወጣ በከባቢ አየር ውስጥ 50,000 ዓመት ያህል ይቆያል። ካሊፎርኒያም ትምህርቱን በውድ ዋጋ ገዝታለች። የቺፕ ኢንዱስትሪ ባደገባት ሳንታ ክላራ ከመሬት በታች ከተቀበሩ ታንከሮች የሾለከ ማሟሟያ ኬሚካል የጉድጓድ ውሃ በክሎ፣ ጽዳቱ ከአርባ ዓመት በኋላም አላለቀም።

የአሜሪካ መንግሥት በነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. በጸደቀው ሕግ ለቺፕ ዘርፍ 52.7 ቢሊዮን ዶላር መድቧል፤ ለዚህ ኩባንያ ብቻ 6.6 ቢሊዮን ዶላር ድጎማ ተፈቅዷል። የማከብረው አንድ ነገር አለ፦ ገንዘቡ የሚለቀቀው ሥራው እየታየ ነው፤ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚጠይቅም ለሠራተኞቹ የሕጻናት ማቆያ ዕቅድ ማቅረብ ነበረበት። ሆኖም በ2024 እ.ኤ.አ. ሌላ ሕግ መጣና ከድጎማው ተጠቃሚዎች ብዙዎቹን ከፌዴራል የአካባቢ ተጽዕኖ ምዘና ነጻ አደረጋቸው። ይህን አምርሬ እቃወማለሁ። የሕዝብ ገንዘብ የወሰደ ሰው ከማንም በላይ ሊመረመር ይገባዋል።

ይህን ስጽፍ ሐሳቤ ጅማ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም የተገነባው በሕዝብ ገንዘብ ነው። የእኛ ወጣት ሥራ በብርቱ ይፈልጋል፤ ፋብሪካ አይምጣ የሚል ሰው ጅማን አያውቃትም። አሜሪካ ለራሷ ፋብሪካዎች ቢሊዮኖች በመደበችበት በዚያው ዓመት መጀመሪያ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነጻ የአሜሪካ ገበያ ዕድል፣ ማስወጣቷና የአገራችን ልብስ ሰፊዎች ገበያ ማጣታቸው ዛሬም ያንገበግበኛል።

ነገር ግን ቺፕ ሳንሠራም የፍሳሽ ችግሩን እናውቀዋለን። በቡና ለቀማ ወቅት ከእሸት ቡና ማጠቢያዎች የሚወጣው ፍሳሽ በስኳር የተሞላና ኮምጣጣ ነው፤ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ውሃው ይጠቁራል፣ ይሸታል። ከታች ያለው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣው ከዚያው ነው። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው አዌቱም የሚሸከመው የቤትና የገበያ ቆሻሻ አልበቃ ብሎት ሌላ ሊጨመርበት አይገባም፤ የጅማው የቦዬ ረግረግም እንዲሁ።

ስለዚህ ለሚመጣው ባለሀብት መሬትና መብራት ከመሰጠቱ በፊት ፍሳሹ የት እንደሚጣራ፣ ውሃውን በየወሩ ማን እንደሚለካ፣ ውሉን ካፈረሰም ምን እንደሚከፍል ተጽፎ በየቀበሌው ይለጠፍ። ለካዮቹን ከሩቅ ማስመጣት አያስፈልግም፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቡና ማጠቢያዎችን ፍሳሽ ሲያጠኑ የኖሩ ናቸው።