ማስተካከያ፦ የቦይለር ሴፍቲ ቫልቭ አይደፈንም

ጅማ ውስጥ አሮጌ ቦይለር ለሚቀይሩ ሰዎች ቀደም ሲል በወጣው መመሪያ «ሴፍቲ ቫልቩ ካንጠባጠበ ጫፉ ይደፈን» የተባለው ስህተት ነው። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ 1.4 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ቫልቩ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ስለሚያግድ ትርፉ የሚወጣው በቫልቩ ጫፍ ባለችው ቀዳዳ ነው፤ ከተደፈነች ታንኩ ይሰነጠቃል፣ ሲብስም ይፈነዳል። ማንጠባጠቡ ካስቸገረ ቀጭን ቱቦ ገጥሞ ወደ ታች ማውረድ ነው፣ ጫፉ ግን ክፍት ይሁን። በቫልቩና በታንኩ መካከልም መዝጊያ አይግባ።

ቦይለሩ ቀዝቅዞም መፍሰሱን ካላቆመ ወይ ቫልቩ ውስጥ ቆሻሻ ገብቷል ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል። ውሃው ከሮቶ ብቻ የሚወርድ ከሆነ መጀመሪያ ቆሻሻውን ጠርጥሩ።

የሙቅ ውሃው ቧንቧ አየር ሳይተፋ በደንብ እስኪፈስ ድረስ ማብሪያው አይነካ፤ ውሃ በሚቆራረጥበት ሰፈር ኤለመንት (ውሃውን የሚያሞቀው ክፍል) የሚቃጠለው በአብዛኛው ታንኩ ሳይሞላ ሲበራ ነው።