ማስተካከያ፦ የቮልስ ፍሪሲዮን ሲንሸራተት ዳዶው ይላላል እንጂ አይጠብቅም

ስለ ቮልስ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል) ባለፈው ስጽፍ አንዱን ነገር ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ። «ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ካለ የካቦውን ዳዶ አጥብቁ» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፣ ይቅርታ። ማላላት ነው ያለባችሁ። ካቦው ፔዳሉን ከፍሪሲዮኑ ጋር የሚያገናኘው የሽቦ ገመድ ነው።

የፍሪሲዮኑ ዲስክ እየሳሳ ሲሄድ የፔዳሉ ባዶ ጉዞ (ፍሪሲዮኑን መግፋት ሳይጀምር ልል ሆኖ የሚሄደው) እያጠረ ይመጣል። ጨርሶ ሲጠፋ፣ እግራችሁ ፔዳሉ ላይ ባይኖርም ፍሪሲዮኑ በትንሹ እንደተረገጠ ይቆያል። እዚያ ላይ ዳዶ ማጥበቅ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። የሚጠብቀው በተቃራኒው፣ ባዶ ጉዞው በዝቶ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦም ማርሹ «ክርር» እያለ አልገባ ሲል ነው።

የባዶ ጉዞውን ልክም «2 ሚሊ» ብያለሁ። ዜሮዋ ወድቃብኝ ነው። ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይሁን። ፔዳሉን በእግር ሳይሆን በእጅ ግፉት። ልል ሆኖ ሄዶ ጠንከር እስከሚልበት ያለውን በማስመሪያ ለኩ።

ዳዶው ከኋላ በግራ በኩል፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ጎን ነው ያለው። ሁለት ክንፍ አለው። ስታዞሩት ካቦው አብሮ እንዳይጠማዘዝ ጫፉን በፒንሳ ያዙት። ስትጨርሱ ክንፎቹ ጎድጓዳ ቦታቸው ላይ መቀመጣቸውን በጣታችሁ ዳስሱ፤ ካልተቀመጡ መንገድ ላይ ይላላል።

ጭራሽ የረሳሁት ደግሞ ይኼ ነው፦ መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ከሥሩ አትግቡ። ጠንካራ ድጋፍ አስገቡለት።

ባዶ ጉዞው ተስተካክሎም መንሸራተቱ ካልቀረ ዲስኩ ሳያልቅ አይቀርም፤ ጋራዥ ውሰዱት።